ቅቤ የማይወደው መሣሪያ

ከፎገራው ወረታ ወይም ከቁሐር ሚካኤል ተነሥቶ ለኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ መለኪያ) ምርመራ ከተማ የሚሄድ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፀጉሩን በሳሙና መታጠብ አለበት። የተቀባ ቅቤ ይለቅ፤ ሹሩባም ይፈታ። የአንጎል ሴሎች ተባብረው ሲሠሩ የሚፈጥሩት ኤሌክትሪክ ራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ነው፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ካለው 1.5 ቮልት ከዐሥር ሺህ እጅ በላይ ያንሳል። ይህን የመሰለ ደካማ ምልክት ቅባት ያበላሸዋል። የሚገርመው፣ ባለሙያው ቅቤውን አስለቅቆ የራሱን ጄል ይቀባል፤ የእሱ ግን ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

21 ያህል ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ። ወደ አንጎል የሚልኩት ነገር ስለሌለ አያምም። ዓይን ሲርገበገብ፣ ጥርስ ሲነከስ መስመሩ ይተራመሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ በ1924 እ.ኤ.አ. መዝግቦ፣ ያሳተመው በ1929 ነው። ዓይን ሲጨፈን በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ አልፋ ያለው እሱ ነው።

የአንጎልን መግነጢስ የሚለካው ኤምኢጂ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በዴቪድ ኮኸን ተጀመረ። የተለመደው ዓይነት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየምና ከውጭ መግነጢስ የተከለለ ክፍል ይፈልጋል። ድንቅ ነው፤ ለእኛ የሚያዋጣው ግን ርካሹ ኢኢጂ ነው።

ዋናው ሥራው የሚጥል በሽታን መለየት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5.2ቱ በሽታው ነበረባቸው፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን ከታማሚዎቹ 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የርብና የጉማራ ወንዞች በሚሞሉበት፣ ሩዝ ማሳው ውኃ በሚይዝበት ፎገራ፣ ብቻውን ሳለ የወደቀ ሰው ሊሰጥም ይችላል።

ታዲያ የኢኢጂውን ወረቀት አይተው «ንጹሕ ነው» ብለው መድኃኒት የሚያቆሙ አሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። ምርመራው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያው ምርመራ የግማሽ ያህሉ ታማሚዎች በሽታ ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ፣ ታማሚው ሲወድቅ ያየ ሰው አብሮ እንዲመጣ የሚፈልገው፦ ዓይኑ ወዴት ዞረ? የቱ እጅ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ማስሸተት አይጠቅምም። በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከውኃ ማራቅ፣ አፉ ውስጥም ምንም አለመክተት ይገባል፤ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ በሞባይሉ ይቅረጸው።