ያልተጠናቀቀ ጨዋታን ለሕዝብ ማቅረብ፦ ጥቅሙ፣ አደጋውና ኀላፊነቱ



ዛሬ የምናገረው ገና ያላለቀ የቪዲዮ ጨዋታን ለሕዝብ ስለማቅረብ፣ ብሎም ስለመሸጥ ነው። ነገሩ ለጆሮ እንግዳ ይመስላል። ሆኖም በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣለት ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ወለሉ ሳይነጠፍ፣ ግድግዳው ሳይቀባ ቁልፉን ተረክቦ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ነፋሱ በየት እንደሚመጣ፣ ውኃው የት ላይ እንደሚያፈስ ከመሐንዲሱ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። የርእሳችንም መሠረት ይኸው ነው፤ የሥራን ጉድለት አጥርቶ የሚያየው የሚገለገልበት ሰው ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው በሜይ 2009 ነበር። ጨዋታው ጥቂት ነገር ብቻ የሚሠራ ጅምር ነበር። ሰውየው ግን በቀጣዩ ወር መሸጥ ጀመረ፤ ቀድሞ የገዛ በርካሽ ይገዛል፣ ሥራው እየተሟላ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል። በጃንዋሪ 2011፣ ጨዋታው ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ የገዢው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ተጠናቀቀ ተብሎ የወጣው በኖቬምበር 2011 ነው። በሜክሲኮ የተሠራው ከርባል ስፔስ ፕሮግራምም በ2011 በጅምሩ ቀርቦ በ2015 ተጠናቀቀ። ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር ይህን ልማድ «ኧርሊ አክሰስ» በሚል ስም ሥርዓት ያበጀለት በማርች 2013 ሲሆን፣ የጀመረውም በ12 ጨዋታዎች ነው።

አንድ አነስተኛ ቡድን ይህን መንገድ የሚመርጠው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ገንዘብ መሆኑ ግልጽ ነውና አልዘገይበትም። ሁለተኛውና ትልቁ ግን እውቀት ነው። ሠሪው ጨዋታውን ሺህ ጊዜ ስለተጫወተው አዲስ ሰው የሚሰናከልበትን ድንጋይ ማየት ተስኖታል። ይህንም ከራሴ ልምድ ላስረዳ።

ከዓመታት በፊት ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ገበጣን በስልክ የሚያጫውት አነስተኛ ጨዋታ ሠርተን ነበር። ሕጉን የጻፍነው በልጅነታችን እንደተማርነው ነው። ሌላ ሕግ ይኖራል ብለንም አላሰብንም። ጅምሩን ለሕዝብ ባቀረብን በመጀመሪያው ሳምንት ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ተጫዋቾች ተቃወሙን። አንዱ ጠጠሩ የሚዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው አለ፤ ሌላው እኛ በሁለት ረድፍ ያደረግነውን በሦስት ረድፍ እንደሚጫወት ነገረን። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ገበጣ በአገራችን እንደየአካባቢው ይለያያልና። ሥራችንን ዘግተን ሁለት ዓመት ብንደክም ኖሮ፣ ያማረ ግን የአንድ ሰፈር ብቻ የሆነ ጨዋታ ይዘን በወጣን ነበር።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልለፍ። በመግለጫችን ላይ «በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሰው በኢንተርኔት የሚጫወትበት ክፍል ይጨመራል» ብለን ጻፍን። ሦስት ወሩ አለፈ፤ ስድስትም ሆነ፤ ክፍሉ አልመጣም። ከዚህም የባሰው፣ አንድ ማሻሻያ ስንለቅ ተጫዋቾች ያስቀመጡት ውጤት በሙሉ ጠፋ። አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ያካሄዱት የብዙ ሳምንት ውድድር ተሰርዞ ጻፉልን። ገንዘባቸውን አልጠየቁም፤ ውጤቱ ይመለስ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። አልተመለሰም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን ሁሉ መልቀም አልቻልንም።

ከዚህ የተማርሁትን በሦስት ነጥብ ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ፣ ጅምር ማለት ፍርስራሽ ማለት አይደለም። ይዘቱ ጥቂት ይሁን እንጂ ያለው ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሠራ ይገባዋል። አምስት ደረጃ ያለው፣ አምስቱም የሚያጫውቱ ጨዋታ፣ ሃምሳ ደረጃ ኖሮት በሦስተኛው ላይ ከሚቆም ጨዋታ ይሻላል። ሄዲስ የተባለው ጨዋታ በዲሴምበር 2018 ሲቀርብ የታሪኩ መደምደሚያ አልነበረውም፤ የውጊያው ሥርዓት ግን ያኔውኑ ያጫውት ነበር። በሴፕቴምበር 2020 ሲጠናቀቅም በብዙዎች ተወደሰ።

ሁለተኛ፣ የሚሸጠው ዛሬ ያለው ነገር እንጂ የነገው ተስፋ አይደለም። ስቲም ራሱ ለሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ ስለ ወደፊቱ ቁርጥ ያለ ቃል እንዳይገቡ ይመክራል። ሽያጩ እጅግ ቢያንስ ሥራውን መቀጠል የማይችል ቡድንም በዚህ መንገድ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። ሠሪው ለምን ሳይጨርስ እንዳቀረበ፣ ጨዋታው አሁን ምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና ዋጋው ይለወጥ እንደሆነ ለገዢው በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠየቃል። እነዚህን ጥያቄዎች ለሽያጭ ባትቀርቡም እንኳ ለራሳችሁ መልሱአቸው።

ሦስተኛ፣ ማለቂያ ይኑረው። ዴይዚ የተባለው ጨዋታ በዲሴምበር 2013 በጅምሩ ቀርቦ ተጠናቀቀ የተባለው በዲሴምበር 2018 ነው፤ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። «ገና አላለቀም» የሚለው ቃል ለአንድ ዓመት ማብራሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማመካኛ ይሆናል።

ተማሪዎች ዘወትር «መቼ እናቅርበው?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ እንዲህ ነው፦ ከነገ ጀምሮ አንዲት መስመር እንኳ መጨመር ባትችሉ፣ የገዛችሁ ሰው ተታለልሁ የማይልበት ቀን ሲደርስ አቅርቡት። ከዚያ ቀን በፊት ለወዳጅ በነፃ አሳዩ፤ ትችታቸውንም ተቀበሉ። ያን ቀን አልፋችሁ ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ፤ የሚጎድለውን የሚነግራችሁ ተጫዋቹ ነውና።