ንጉሥ ሚካኤል፤ የጦር ሰውና የአገር አስተዳዳሪ

ከአቀስታ ተነሥቶ የለጋምቦን ደጋ ይዞ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ተንታ ይደርሳል። ዛሬ ትንሽ ከተማ የሆነችው ተንታ ደሴ ከመቆርቆሯ በፊት የወሎ ገዥ መቀመጫ ነበረች። የዚህ ምንባብ ባለታሪክ ንጉሥ ሚካኤልም ሥልጣናቸውን የጀመሩት ከዚሁ አካባቢ ነው።

በ1842 ዓ.ም. ገደማ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ፣ ከዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ወረ ሒመኖን ይገዛ ከነበረው የሙስሊም መሳፍንት ቤት ናቸው። መሐመድ ዓሊ ያደጉት ጦርነት በማይለይበት ዘመን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በተንታ አጠገብ በሚገኘው መቅደላ አምባ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጉ በ1860 ዓ.ም. ሲያልፉ፣ እርሳቸው የዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ወጣት ነበሩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው፣ ሙስሊም ባለሥልጣኖች ወይ እንዲጠመቁ፣ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ አዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የክርስትና አባት ሆኑላቸው። ብዙ የወሎ ሰው ግን ትእዛዙን አልተቀበለም፤ ከዐመፀውና ከተሰደደው ይልቅ የገዥው መጠመቅ ጎልቶ መነገሩ ሚዛኑን የጠበቀ አይመስልም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁም ራስ ሚካኤል ጊዜ ሳያባክኑ ለምኒልክ ዐደሩ፤ ኋላም ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ።

የጦር ሰውነታቸው በይበልጥ የታወቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነው። የወሎ ፈረሰኛ በፈጣንነቱ የተፈራ ነበር። ከሌሎቹ የጣሊያን ክፍሎች ተነጥሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የገባውን የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ካጠፉት አንዱ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ጦር ነው።

በአስተዳደር ረገድ ደሴን መቀመጫቸው አድርገው አሳደጓት። በዚያ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ማንንም የማይጸየፍ፣ ሁሉ ገብቶ የሚበላበት ማለት ነው። የአሉታው ግሥ መድረሻውን «ም» ጥሎ የቤት ስም ሆኖ መቅረቱን ልብ ይሏል።

ከወይዘሮ ሸዋረጋ የተወለዱት ልጅ ኢያሱ የአያታቸው አልጋ ወራሽ ተባሉ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ፣ ራስ ሚካኤል ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የሸዋ መኳንንት ግን በወጣቱ መስፍን አካሄድ ተከፍተው፣ ለእስልምና አድልቷል ሲሉ ከስሰው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው፤ ወይዘሮ ዘውዲቱም ንግሥት ሆኑ።

ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸውን ለመመለስ ዘመቱ። በመጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራሱም በዚያው ወደቁ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ከሁለት ነገሥታት ጋር በጥበብ የኖሩትና ጊዜን ማወቅ የማይሳናቸው ሽማግሌ ግን ያን ጊዜ ዘገዩ፤ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አለመገስገሳቸው ለሸዋ ጦር መሰባሰቢያ ፋታ ሰጠው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ብርቱ ውጊያ ተደረገ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ልጅ ኢያሱ ለውጊያው አልደረሱም፤ አባት ተማረኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በአዲስ አበባ በተደረገው የድል ሰልፍ ንጉሡ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። በኋላ በበረሃ ጉዞው ስመ ጥር የሆነው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር፣ የብሪታንያ መልእክተኛ ልጅ በመሆኑ ሰልፉን ቆሞ ተመልክቷል፤ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሲሸመግልም የእኒያን ምርኮኛ ሽማግሌ ነገር አልረሳም፤ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ንጉሥ ሚካኤል ከእስር ሳይፈቱ ጳጉሜን 3 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።