ከቻርጀሩ በፊት ሽቦው

በእኛ ግቢ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች ያድራሉ። አንዷ የእኔ ናት፤ ሌላዋ ከጓሮ ባለው ቤት የሚኖሩት የልጄና የባለቤቷ ናት። የእኔዋ የጀርመን ስም አላት፤ ቮልስዋገን አይዲ 4 ትባላለች። የእነሱ የቻይና ስም አላት፤ ቢዋይዲ ናት። ማንም ሰው ቢጠየቅ የአውሮፓ መሰኪያ ያላት የእኔዋ፣ የቻይና መሰኪያ ያላት የእነሱ ናት ብሎ ይመልሳል። እኔም ያሰብኩት እንዲሁ ነበር። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። በዚህች ስህተት የተነሳ ገንዘብ ከስሬአለሁ። ገንዘቡስ ይሁን፤ አንድ ሌሊት እናቴ የተኛችበት ክፍል ግድግዳ ሥር ሶኬት ቀልጦ አድሯል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አጥብቄ የማውቀው ነገር ቢኖር የቆጣሪው ካርድ ሲያልቅ መብራት እንደሚጠፋ ብቻ ነበር። ነገር ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ስለ አምፔርና ስለ ፌዝ መማር ጀምሯል። እኔም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከአማቼና ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው መኪናዋ ጅቡቲ ወደብ ሳለች ነው። «ቀድሜ ልዘጋጅ» ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 22 ኪሎዋት ቻርጀር ገዛሁ። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ ለሁሉም መኪና ይሆናል» አለኝ። አመንኩት። ቻርጀሩ ከነካርቶኑ ሁለት ወር ተኩል መጋዘን ተቀመጠ። መኪናዋ ደርሳ ገመዱን ልሰካ ብሞክር አልገባም። ቢገላበጥም አልገባም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ የመኪናዋን ስም ትታችሁ አፏን እዩ። በአውሮፓ መንገድ ላይ እንድትሄድ የተሠራች መኪና የምትጠቀመው ታይፕ 2 የሚባለውን መሰኪያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለተራው ኤሌክትሪክ ታይፕ 2ን፣ ለፈጣኑ የዲሲ ቻርጅ ደግሞ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች የተጨመሩበትን ሲሲኤስ 2 የሚባለውን መሰኪያ የጋራ አድርጎ ደንግጓል። ቻይና በበኩሏ ጂቢ/ቲ የሚባል የራሷ ደረጃ አላት። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና፣ የጀርመንም የጃፓንም ስም ይኑረው፣ አፉ ጂቢ/ቲ ነው። በአንጻሩ የቻይና ኩባንያ ለውጭ ገበያ ብሎ የሠራው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓውን አፍ ይዞ ይመጣል። የእኔ አይዲ 4 ቻይና ውስጥ ለቻይናውያን ተሠርታ የመጣች ስትሆን፣ የልጄ ቢዋይዲ ግን ለውጭ ገበያ የተዘጋጀች ነበረች። ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ሁለቱ መሰኪያዎች በሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፤ ሁለቱም ሰባት መስመር አላቸው። ልዩነታቸው የወንድና የሴት ነው። በታይፕ 2 ፒኖቹ ያሉት በመኪናዋ በኩል ሲሆን ቀዳዳዎቹ በገመዱ ጫፍ ላይ ናቸው። በጂቢ/ቲ ደግሞ ፒኖቹ በገመዱ ላይ፣ ቀዳዳዎቹ በመኪናዋ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቻርጀር ልትገዙ ስትሄዱ የመኪናችሁን አፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ አፍ ሊያጋጥመው ስለሚችል ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ሁለተኛው ትምህርት የበለጠ አስገርሞኛል። እኛ ቻርጀር እያልን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ሳጥን ለካ ቻርጀር አይደለም! እውነተኛው ቻርጀር ያለው መኪናዋ ውስጥ ነው። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ ነው፤ ከቤታችን የሚወጣው ኤሲ ነው። ይህን የሚለውጠው መሣሪያ በመኪናዋ ሆድ ውስጥ የተገጠመ ነው። የግድግዳው ሳጥን ሥራ ከመኪናዋ ጋር ተነጋግሮ «ከዚህ አምፔር በላይ አትሳቢ» ማለትና አደጋ ሲያይ መቁረጥ ነው። በረኛ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የውስጥ ቻርጀሯ 7 ኪሎዋት የሆነች መኪና ባለ 22 ኪሎዋት ሳጥን ላይ ብትሰካ የምትወስደው ያው 7 ነው። ከዚያም በላይ ባለ 22 ኪሎዋቱ ሳጥን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በሥሪ ፌዝ መስመር ላይ ብቻ ነው። የእኛ ግቢ ግን እንደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚጠቀመው ሲንግል ፌዝ ነው። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ገደማ፤ 32 አምፔር ደግሞ 7 ኪሎዋት ገደማ። ከዚህ በላይ ያለው ለሲንግል ፌዝ ቤት ጌጥ ነው። እኔ የገዛሁት አፉ የማይገጥም ብቻ ሳይሆን ቢገጥምም ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛው የሚባክን ዕቃ ነበር።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። «ዕቃው ምንም ጉድለት የለበትም፤ የተለየው የእርስዎ መኪና ነው» አለኝ። ደረሰኙን ባወጣው «ቻርጀር 1» ከሚል በስተቀር ምንም አልተጻፈበትም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቼ «በጽሑፍ ያዙት» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማ ለመሆኑ ዋስ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን ገዢም የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እኔ ካርቶኑን እንኳ ሳልከፍት ሁለት ወር ተኩል አስቀምጫለሁ፤ ሻጩ በቃሉ የነገረኝንም የሰማ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። እናንተ ግን ደረሰኙ ላይ የመኪናውን ሞዴል፣ የመሰኪያውን ዓይነትና «ካልገጠመ ይመለሳል» የሚል ቃል አስጽፉ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካቅማማ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ። ሌላ ሳጥን እስክገዛ ድረስ ከመኪናዋ ጋር በመጣው ተንቀሳቃሽ ገመድ መጠቀም ጀመርኩ። የገመዱ መሰኪያ የቻይና ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ፒን ስለሆነ ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም። ከሱቅ ትንሽ አዳፕተር ገዝቼ መሀል አስገባሁና የምጣዱ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ምጣዱን የቻለ ሶኬት መኪናም ይችላል ብዬ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እናቴ ግድግዳ እየደበደበች ቀሰቀሰችን። «ምጣዱን ማን ሳያጠፋ ተኛ? ላስቲክ እየሸተተኝ ነው» አለች። ሮጠን ብንወጣ አዳፕተሩ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል፤ ግድግዳው ጠቁሯል። ብሬከሩ ግን አልወረደም!

በማግስቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር የሚስበው ኃይል ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ጋር ይቀራረባል። ምጣድ ግን ሁለት ሰዓት ተጋግሮበት ይጠፋል፤ ያውም በሳምንት ሁለት ቀን። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይስባል። በላላ መጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም። ብሬከር ደግሞ የሚቆጣጠረው ከመጠን ያለፈ ጅረትን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ መጋጠሚያው እየቀለጠ ጅረቱ ያው 16 አምፔር ከሆነ ብሬከሩ ምንም አያይም። በኤክስቴንሽን፣ በተለይም በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን፣ መኪና ቻርጅ ማድረግም አደጋው ይኸው ነው።

ሠራተኛው ሌላም ነገር አገኘ። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ከሶኬቱ ተነስቶ ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ያበቃል፤ ወደ መሬት የወረደ ነገር የለም። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ያለ ኧርዝ ኖረናል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ቻርጀሬ ቀይ መብራት እያሳየ እምቢ አለኝ» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እምቢ ማለቱ ግን ውለታ ነው፤ ኧርዝ በሌለበት ጅረት ከመስመሩ ቢያመልጥ መኪናዋን የነካ ሰው ነው መንገድ የሚሆነው።

በመጨረሻ የሠራነው እንዲህ ነው። ከማከፋፈያው ተነስቶ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚሄድ፣ ሌላ ምንም የማይካፈለው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተዘረጋ። ራሱን የቻለ ብሬከር ተገጠመለት። የኧርዝ ዘንግ ተቀብሮ ተለካ። ጅረት ወደ መሬት ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያም ተጨመረ። ሳጥኑን የገዛነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሁለት ዓይነት አፍ ላለው ቤተሰብ ሁለት ሳጥን አያስፈልግም። ገመዱ ያልተያያዘበት፣ ፊቱ ላይ የታይፕ 2 ሶኬት ብቻ ያለው ሳጥን አለ። እኛ እሱን ገዛን፤ ከዚያ ሁለት ገመድ ያዝን። የልጄ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ 2 ነው፤ የእኔ በሳጥኑ በኩል ታይፕ 2፣ በመኪናዋ በኩል ጂቢ/ቲ ነው። ነገ ሌላ አፍ ያለው መኪና ቢመጣ የሚለወጠው ገመዱ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ለተራው የኤሲ ቻርጅ በገመድ መሻገር ቀላል ነው። ለፈጣኑ የዲሲ ቻርጅ ግን ጂቢ/ቲና ሲሲኤስ 2 ከመኪናዋ ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ራሱ የተለያየ ስለሆነ በርካሽ አዳፕተር መሞከር አይገባም።

ሳጥኑን ስንመርጥ አራት ነገር አየን። አምፔሩ ከፍና ዝቅ ይደረጋል ወይ? የእኛው በ16 ላይ ተስተካክሏል። የዲሲ ፍሳሽን በ6 ሚሊ አምፔር የሚያውቅ መከላከያ በውስጡ አለው ወይ? ተራ አርሲዲ ይህን አያይምና። የአዲስ አበባን ክረምት የሚችል ነው ወይ? ሽፋኑ ላይ አይፒ 54 ወይም ከዚያ በላይ መጻፍ አለበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይቀጥላል ወይ? አንዳንዱ በቻይንኛ መተግበሪያ ካልታዘዘ አይነሳም፤ ጠዋት ባዶ ባትሪ ይዞ መነሳት ነው ትርፉ።

«16 አምፔር አያንስም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከአያት ሜክሲኮ ደርሼ ስመለስ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መኪናዋ ለዚህ የምትበላው 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በ3.5 ኪሎዋት ከሁለት ሰዓት ብዙ የማይበልጥ ቻርጅ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት እኔ፣ አንድ ሌሊት እነሱ እንሰካለን፤ ሰፈሩ አብስሎ ሲተኛ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ። የቤት ታሪፍ በእርከን የተዘጋጀ መሆኑንም አትርሱ፤ ሁለት መኪና በአንድ ቆጣሪ ሲጫን ወደ ውዱ እርከን ቶሎ ይገባል። አማቼ ለጓሮው ቤት የራሱን ቆጣሪ ለማስገባት ማመልከቻ ጽፏል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ለይቶ ያስቀምጣል። መኪና ማቆሚያው የጋራ ከሆነ ሽቦ ከመስኮት ወርውሮ ማውረድ ከጎረቤት ጋር መጣላት ብቻ አይደለም፤ ቃጠሎ ቢነሳ በጥፋት ለደረሰ ጉዳት ካሣ መክፈል ይመጣል። ማኅበሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

የህዳሴው ግድብ መስከረም 2018 ዓ.ም. ከመባቱ በፊት፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደስ ብሎናል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኃይል በመጨረሻ የሚያልፈው እኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ባለችው ቀጭን ሽቦ ነው። እናቴ አሁንም ማታ ማታ «መኪናውን ሰካችሁት?» ትለኛለች። «አዎ» ስላት ተነስታ ወጥታ ሶኬቱን በእጇ መዳፍ ትዳስሳለች። ቀዝቃዛ ከሆነ ትተኛለች። ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ የእሷ ሳይሆን አይቀርም።