ሕመሙ ወይስ ሱሱ? የአእምሮ ጤና መታወክና የሱስ አስያዥ ንጥረ ነገሮች ተደራቢነት ከጌዴኦ ዞን አንጻር

የአእምሮ ሕመምና ከሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር አጠቃቀም ጋር የተያያዘ መታወክ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሲገኙ፣ ሁኔታው ተደራቢ ሕመም ይባላል። ስያሜው ሁለት ችግሮች በአጋጣሚ ጎን ለጎን የተቀመጡ ያስመስላቸዋል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መደራረቡ ከአጋጣሚ እጅግ የላቀ መሆኑን ነው። ዳረል ሬጂየርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከ20,000 በላይ ሰዎችን ያካተተውን የማኅበረሰብ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፣ በሕይወት ዘመናቸው የአልኮል አጠቃቀም መታወክ ካጋጠማቸው ሰዎች 37 በመቶው፣ ከአልኮል ውጪ ባሉ ዕፆች ከተጠቁት ደግሞ 53 በመቶው ቢያንስ አንድ ሌላ የአእምሮ መታወክ እንደነበረባቸው አመልክተዋል። እነዚህ አኃዞች በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ አይገለበጡም፤ የመጠጡና የዕፁ ዓይነት፣ የአኗኗሩም ሁኔታ የተለየ ነውና። የሚያስነሡት ጥያቄ ግን እዚህም ይሠራል፦ ሁለቱ ሕመሞች ይህን ያህል የሚፈላለጉት ለምንድን ነው? አንዱን ብቻ ማከምስ ውጤት ያመጣል?

ለጥያቄው አራት ዓይነት መልሶች ተሰጥተዋል። አንደኛው የአእምሮ ሕመሙ ይቀድማል፤ ሕመምተኛው ጭንቀቱን፣ ድባቴውን ወይም የመድኃኒቱን ጫና ለማቅለል ሲል ወደ ሱስ ይገባል የሚለው ነው። ኤድዋርድ ካንትዚያን እ.ኤ.አ. በ1985 «ራስን በራስ ማከም» በሚል መላ ምት ያብራራው ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው በተቃራኒው ሱሱ ሕመሙን ያስነሣል ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም ከአንድ ሥር፣ ማለትም ከዘር ውርስ፣ ከልጅነት ጉዳት ወይም ከድህነትና ከመፈናቀል ይበቅላሉ ይላል። አራተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ቀዳሚ ማንም ይሁን፣ ከጊዜ በኋላ አንዱ ሌላውን እየመገበ ያቆየዋል የሚል ነው። በክፍል ውስጥ አራቱን ለያይቶ ማስተማር ቀላል ነው። በአንድ ሕመምተኛ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አራቱም ይገኛሉ።

ጌዴኦ ይህን ለማየት የሚያመች ስፍራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 847,434 ነበር፤ ስፋቱ ደግሞ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በይርጋጨፌ ወረዳ እንደምትገኘው ዱመርሶ ባሉ ቀበሌዎች ኑሮ የቆመው በእንሰትና በቡና ላይ ነው፤ እንሰቱ የዓመት ቀለብ፣ ቡናው የዓመት ገንዘብ ነው። እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ጥቂት ወራት ገንዘብ ባንዴ ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ እጅ ያጥራል። ከሐዋሳ ተነሥቶ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልትም ጫት በሚበቅልበት የሲዳማ ምድር ያልፋል። ይህ ለጉዳዩ ትንሽ ነገር አይደለም። ካቲኖን የተባለው የጫት ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ለአብቃዩ ምድርና ለመንገዱ የቀረበ ሰው የሚቅመው ጫት ከሩቅ አገር ቃሚው ይልቅ ብርቱ ይሆናል።

ጫቱ በአንጎል ውስጥ፣ መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ

ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክት አስተላላፊዎች በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ ንቃቱ፣ የወሬው መጣፈጥ፣ የረኃቡ መጥፋት ከዚህ ይመጣሉ። በአንጻሩ ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ሕመሞች በአገራችን የጤና ተቋማት በብዛት የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የሚሠሩት የዶፓሚንን መቀበያ በመዝጋት ነው። እንግዲህ ጠዋት ክኒኑን ውጦ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ቧንቧ ላይ አንዱን እጁን ለመክፈት፣ ሌላውን ለመዝጋት አድርጓል ማለት ነው።

ሰውየው ይህን የሚያደርገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎችና አስታማሚዎቻቸውን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ከብዙ የአኃዝ ሠንጠረዦች ይልቅ ያስተምራል። ሕመምተኞቹ ለመቃማቸው የሰጡት ምክንያት ከሰው ጋር ለመቀላቀል፣ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት ለመቋቋም፣ ረኃብን ለማስታገሥ የሚል ነበር። አስታማሚዎቹን ያሳሰባቸው ግን የሕመሙ መባባስ ነው። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ናቸው። መድኃኒቱ ያደነዝዛል፣ ሰውነትን ያስራል፤ ጫቱ ለጥቂት ሰዓታት ይፈታዋል። ከዚያ ድምፁ ይመለሳል፣ ጥርጣሬው ይበረታል። ስለ ጫቱ ያልተነገረው ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲጨምር መደንዘዙ ይብሳል፤ መደንዘዙ ሲብስ የጫቱ እስር ይወፍራል። በዚህ ዙር ውስጥ የገባን ሰው «ጫቱን ካልተውክ አትምጣ» ማለት ዙሩን አያቆመውም፤ ሐኪሙን ብቻ ከዙሩ ያስወጣዋል።

የቃሚዎች ቋንቋም ለመርማሪው መረጃ ነው። ምርቃና የሚባለው የንቃትና የሐሴት ሰዓት ሲያልፍ እንቅልፍ እንቢ ይላል፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ ጨብሲ ይባላል። ጫት ሲቀር የሚመጣው ጥማትና መቅበጥበጥ ሐራራ፣ በእንቅልፍ ላይ የሚጫነው ቅዠት ደግሞ ዱካክ ነው። ስለዚህ «ትቅማለህ?» ብሎ የሚጠይቅና «ጨብሲ ትወጣለህ?» ብሎ የማይጨምር ባለሙያ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዞ ይመለሳል። ጨብሲው እንደ አቅሙ ቢራ ሊሆን ይችላል፣ አረቄም ሊሆን ይችላል፤ ደጋግሞ የተጣራ አረቄ የአልኮል መጠኑ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። አልኮል በበኩሉ ድባቴን ያባብሳል፣ የእንቅልፍን ጥራት ያበላሻል፣ ከሚያደነዝዝ መድኃኒት ጋር ሲደመርም አደገኛ ነው። አንዱ ሱስ ሌላውን የጠራበት ሰው ሦስት ችግር ይዞ ይመጣል፤ በካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለአብነት ያህል በለቀማ ወራት በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ የሚሠራ ወጣት ይታሰብ። እሸቱ ከገበሬው የሚሰበሰበው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ስለሆነ መፈልፈሉ ሌሊቱን ይዘልቃል፤ የማድረቂያ አልጋውም ጠባቂ ይፈልጋል። ወጣቱ ላለመተኛት ይቅማል፤ ደመወዝ ስለተከፈለው መግዛት ይችላል። ለባይፖላር ሕመም ተጋላጭ ከሆነ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻውን የማኒያ ምዕራፍ ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ጫቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይፋጠናል። ቤተሰቡ «ጫት አሳበደው» ይላል፤ ጓደኞቹ «ሥራ በዛበት» ይላሉ፤ ጎረቤት ሌላ ነገር ይጠረጥራል። የትኛውም ከእውነት ሙሉ በሙሉ የራቀ አይደለም። ይህ ወጣት ጥር ላይ ሥራው ሲያበቃ ተረጋግቶ ሊታይ ይችላል፤ «ተሻለው» ተብሎ ሕክምናው የሚቋረጠውም ያን ጊዜ ነው።

የምርመራው እንቅፋት

በዚህ ስፍራ «የቱ ይቀድማል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቦታውን ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት አሥረኛው የበሽታዎች ምደባ አንድ ሳይኮሲስ ከንጥረ ነገር አጠቃቀም የመጣ ነው ለማለት፣ ምልክቱ ንጥረ ነገሩ ከተወሰደ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲጀምር፣ ከ48 ሰዓት በላይ እንዲቆይና ከስድስት ወር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። መመዘኛው ግልጽ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ሰውየው ንጥረ ነገሩን የተወበትን ጊዜ ይፈልጋል። በየቀኑ የሚቅም ሰው ይህን ጊዜ አይሰጥም።

ደግሞም «የጫት ነው» የሚለው ድምዳሜ የሚያረጋጋ መምሰል የለበትም። ቤንጃሚን መሪና ባልደረቦቹ የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ትንተና፣ በንጥረ ነገር ምክንያት ሳይኮሲስ ከተከሠተባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ ከጊዜ በኋላ ወደ ስኪዞፍሬኒያ ተሻግረዋል፤ በአምፌታሚን ምክንያት ከታመሙት የተሻገሩት 22 በመቶ ነበሩ። ትንተናው የጫት አይደለም፤ ሆኖም ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር ካለው ዝምድና አንጻር «ሲተወው ይለቀዋል» ብሎ ያለ ክትትል ማሰናበት አያስኬድም። በሐርጌሳ የተደረገውና ሚካኤል ኦደንቫልድ የመራው እ.ኤ.አ. የ2005 ጥናትም በወንድ ሕመምተኞች ዘንድ ብዙውን ጊዜ ጫቱ ከሳይኮሲሱ ቀድሞ መገኘቱን ዘግቧል። ቀድሞ መገኘት መንሥኤ መሆን አይደለም። አልም አታላይና ባልደረቦቹ በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን አዳርሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ቃሚ ነበር፤ በእንዲህ ዓይነት ማኅበረሰብ ውስጥ ጫት ከብዙ ነገር መቅደሙ አይቀርም።

ተመራማሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ የመለኪያ ችግርም አለ። በኢትዮጵያ የአእምሮ ጭንቀትን ለመለካት በስፋት ያገለገለው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ምግብ አለመፈጨትና ስለ መረበሽ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ በመጠኑ ለሚቅም ጤነኛ ሰውም የትናንት ማታ ትዝታ ናቸው። መጠይቁ በአንጻሩ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ አንድም ጥያቄ የለውም። በቃሚዎች መካከል የሚገኝ ከፍ ያለ የጭንቀት አኃዝ ምን ያህሉ ሕመም፣ ምን ያህሉ የቅጠሉ ውጤት እንደሆነ ሳይለይ «ጫት ከአእምሮ ጭንቀት ጋር ተያይዟል» ብሎ መደምደም በመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ ቀላሉ መንገድ ነው። ቢያንስ መረጃው የተሰበሰበበትን ሰዓትና የመጨረሻውን የመቃም ቀን መመዝገብ፣ ከአካላዊ ምልክቶቹ ውጪ ያሉትን ጥያቄዎችም ለብቻ መተንተን ይገባል።

መልሱ ራሱም ሁልጊዜ አይገኝም። በተጠቀሰው ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ከሦስት ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም መጠጥንና ጫትን ይከለክላሉ። ክልከላው ብዙዎችን ከሱስ እንደሚጠብቅ አያጠራጥርም። የገባበት ሰው ግን በእናቱ ወይም በሽማግሌ ፊት ሲጠየቅ «አልቅምም» ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው አስታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ መቅረብ ይኖርበታል።

መፈናቀል

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኞች የተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቀለ፤ ከተፈናቃዮቹም አብዛኞቹ ጌዴኦዎች ነበሩ። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተፈናቃዮች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ከተሳታፊዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የድኅረ አሰቃቂ ክሥተት መታወክ ምልክቶችን አግኝቷል። ቅዠትን የሚፈራ ሰው ላለመተኛት ምክንያት አለው፤ ላለመተኛት ደግሞ ጫት አለ፤ ለማስተኛት አረቄ አለ። የካንትዚያን መላ ምት ከመጽሐፍ ወጥቶ በግልጽ የሚታየው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። የጋራ ሥር የሚለውም እንዲሁ፤ መሬቱን፣ ቡናውንና እንሰቱን ባንድ ቀን ያጣ ሰው ድባቴውም ሱሱም ከአንድ ቀን ይጀምራሉ።

አንድ በር

አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ለ2005–2008 ዓ.ም. ሲወጣ አቅጣጫው አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የ2010 እ.ኤ.አ. መመሪያ ሳይኮሲስን፣ ድባቴን፣ አልኮልንና ዕፆችን በአንድ ጥራዝ ይዟል። ስለዚህ ሁለቱን ሕመሞች በአንድ ነርስ ማከም አዲስ ተቋም አይጠይቅም፤ መጽሐፉ አስቀድሞ አንድ አድርጓቸዋል። ችግሩ የሚፈጠረው ባለሙያው «መጀመሪያ ሱሱን ይተው» ወይም «መጀመሪያ አእምሮው ይታከም» ብሎ ሲያሰናብት ነው። ትልልቅ ከተሞች ላይ ሁለተኛ በር ይኖር ይሆናል። ከዱመርሶ ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ሁለተኛው በር ሌላ የትራንስፖርት ወጪ፣ ሌላ የሥራ ቀን ነው፤ በክረምት ደግሞ ገንዘቡ የለም።

የተቀናጀው ሕክምና መጠነኛ ግብ ያስቀምጣል። ሮበርት ድሬክና ኪም ሙሰር በአሜሪካ ለዓመታት ያጠኑት አካሄድ መተውን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ አያደርግም፤ ሰውየውን በሕክምና ውስጥ ማቆየትን፣ ቀጥሎ መጠኑን መቀነስን፣ ከዚያ መተውን በቅደም ተከተል ይይዛል። በጌዴኦ ይህ ማለት የሚቅምባቸውን ቀናት መቁጠር፣ ክኒኑ የሚያስተኛ ከሆነ ወደ ምሽት ማዛወር፣ ሰውነቱ ከታሰረ ጫት ከመፈለጉ በፊት መጠኑን ማስተካከል፣ ጨብሲውን ከጫቱ አስቀድሞ ለማስቀረት መሞከር ሊሆን ይችላል። የ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በቤት የሚወጣው አረቄ ግን ከዚህ ቁጥጥር ውጪ ነው፤ ጫትም ሕጋዊ ምርት ነው። ስለዚህ ሸክሙ ለጊዜው በጤና ጣቢያው ላይ ይወድቃል።

ቀጠሮውም ከቡናው የቀን መቁጠሪያ ጋር መሄድ አለበት። መስከረም ላይ፣ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ የሌሊት ሥራ ይዞ እንደሆነ መጠየቅ፤ በለቀማው ወራት ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለማይመቸው በየወሩ የሚወጋውን ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ማሰብ፤ ሥራው ባለቀበት በጥር ደግሞ «ተሻለው» ተብሎ የቀረውን ሰው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ከቤቱ መፈለግ።