ድምፅ የሚሻክርበት ቦታ፦ ፌንደር ወይስ ቮክስ?

በገና ሲደረደር ለሰማ ሰው ሻካራ ድምፅ ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም። ያ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚነዝረው ድምፅ ከክሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በእያንዳንዱ ክርና ክሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ትክክለኛ ቦታዋን ሲያገኝላት፣ ክሩ በተመታ ቁጥር የእንጨቱን ጠርዝ ደጋግሞ ይነካል። እንደ ልቡ እንዳይወዛወዝ መንገዱ ላይ የሚያቋርጠው ነገር አገኘ ማለት ነው። ደብዝዘው የነበሩት ቀጫጭን ድምፆች የሚጎሉትም በዚህ መቋረጥ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች «ክራንች» የሚሉት ድምፅ የሚወለደው ከዚሁ ዓይነት መቋረጥ ነው። ጥርት ያለውን «ክሊን» ይሉታል፤ ክራንች ደግሞ ገና ያልጮኸ፣ ግን ጠርዙ መሻከር የጀመረ ድምፅ ነው። እዚህ የሚያቋርጠው ቆዳ ሳይሆን በመስታወት ቫልቭ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚጋጨው ጣሪያ ነው።

የጊታሩ አምስተኛ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል። ከእሱ ጋር 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚወጡ አጃቢ ድምፆች አሉ። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ አምፑ፣ ይህን ሞገድ ቅርፁን ሳይለውጥ ካሳደገው ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቫልቩ ግን ማሳደግ የሚችለው እስከ አንድ ልክ ድረስ ብቻ ነው። ሞገዱ ጣሪያውን ሲነካ አናቱ ይደፈጠጣል፤ አናቱ የተደፈጠጠ ሞገድ ደግሞ በሒሳብ ሲተነተን ከፍ ያሉት አጃቢዎች በርትተው ይገኛሉ። ጆሮ ሸካራ የሚለው እነሱን ነው።

በሁለት አምፕ መካከል ቆሞ «የቱን ልግዛ?» ለሚል ሰው ዋናው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ድምፁ ጣሪያውን የሚነካው የት ላይ ነው? ሲነካውስ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ለምሳሌ ብዙ ጊታሪስቶች የሚያወዳድሯቸውን ሁለቱን ልውሰድ፤ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብና ቮክስ ኤሲ15። ሁለቱም በቫልቭ የሚሠሩ፣ አንድ ሰው አንስቶ የሚሸከማቸው፣ ባለ አንድ 12 ኢንች ስፒከር አምፖች ናቸው።

ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። ፌንደሩ 22፣ ቮክሱ 15። በወረቀት ላይ ሰፊ ልዩነት ይመስላል፤ በዴሲቤል ሲሰላ ግን 1.7 ገደማ ነው፣ ጆሮ በጥንቃቄ ካልሰማ የማያስተውለው። ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ 10 እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። በአንድ ዋት 3 ዴሲቤል የበለጠ የሚጮህ ስፒከር መግጠም ብቻውን የአምፑን ዋት እጥፍ እንደማድረግ ነው። ስለዚህ በዋት አይምረጡ።

ልዩነቱ ያለው በአሠራራቸው ነው፤ አሠራራቸው ደግሞ ከሠሪዎቻቸው ይጀምራል። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ራሱ ጊታር አይጫወትም። ለጠጋኝ፣ የሞገድ መደፍጠጥ መታረም ያለበት ብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ዴሉክስ ሪቨርብ ከሚወጣው ሲግናል ትንሽ ቆንጥሮ ወደ ኋላ እየመለሰ ራሱን ያርማል። ባለሙያዎቹ ኔጋቲቭ ፊድባክ ይሉታል። እርማቱ ድምፁን እስከ ጣሪያው ጫፍ ድረስ ጥርት አድርጎ ያደርሰዋል። ጣሪያው ከተነካ በኋላ ግን የሚታረም ነገር ስለሌለ መሻከሩ ድንገት ይመጣል። ቮክስን በእንግሊዝ ዳርትፎርድ በቶም ጄኒንግስ ኩባንያ ውስጥ የነደፈው ዲክ ዴኒ ግን ራሱ ጊታሪስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ኤሲ15 ይህ እርማት የለውም። ድምፁ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ በለሆሳስ ሲመቱት ይጠራል፣ ጠንከር ሲያደርጉበት ይሻክራል፣ በመሃሉ ያለው መንገድም ሰፊ ነው። ዘ ሻዶውስ የተባለው ባንድ በዚሁ አምፕ ሲጫወት ቆይቶ ለትልልቅ አዳራሽ የሚበቃ ድምፅ በመፈለጉ፣ በኋላ ቢትልስም የያዙት ኤሲ30 ተወለደ።

የድምፃቸው መልክም ይለያል። ፌንደሩ መካከለኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ወፍራሙንና ቀጭኑን ያወጣል፤ ክሊኑ የምንጭ ውኃ የሚመስለው ለዚህ ነው። ያው ወፍራም ድምፅ ግን አምፑ ሲገፋ መጀመሪያ ጣሪያውን የሚነካው ስለሆነ ክራንቹን ያዝረከርከዋል። ከዴሉክስ ሪቨርብ የተሰበሰበ ክራንች የፈለገ ቤዙን መቀነስ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር አምፑን ይወቅሳል። ቮክሱ ላይ ቶፕ ቡስት የሚባለው ቻናል ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጎላው፣ ቶን ከት የምትለዋ ቁልፍ ካልገራችው ጆሮ ይወጋል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚስበኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ክር አብሮ ሲመታ የተደፈጠጠው ሞገድ ከሁለቱ ድምፆች ሌላ፣ የሁለቱ ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆችን ይወልዳል። 110 እና 165 ቢመቱ ልዩነታቸው 55፣ ድምራቸው 275 ነው። 55 የ110 የታችኛው ኦክታቭ ነው፤ 275 ደግሞ ከሁለቱ ጋር ተስማምቶ ሜጀር ኮርድ የሚሞላ ኖታ ነው። የሮክ ጊታሪስቶች በሻካራ ድምፅ ላይ ይህን ባለ ሁለት ኖታ አያያዝ የሚወዱት አምፑ ራሱ ሦስተኛና አራተኛ ኖታ ስለሚጨምርላቸው ነው። ትዝታ ሜጀር ላይ ይህ የ110ና የ165 ርቀት ስላለ ክራንች ያምርበታል።

አንቺ ሆዬ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቅኝቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኖታዎች በጊታር ሲያዙ የግማሽ ድምፅ ርቀት አላቸው፤ 110 እና 116.5 እንበል። የመጀመሪያው ሳይጠፋ ሁለተኛው ሲደረብበት ድምራቸው 226.5 ይሆናል፤ ይህም ከሁለቱ ኖታዎች የላይኛ ኦክታቭ ከ220ና ከ233 መሃል የወደቀ፣ በጊታሩ ፍሬት ላይ የሌለ ድምፅ ነው። ክሊን ላይ ሁለቱ ሲደራረቡ የሚሰማው ለስላሳ ትርግብግብታ ክራንች ላይ ጭቃ ይሆናል። ችክችካ የሚመታ ሪትም ጊታርም እያንዳንዱ ምት ተለይቶ እንዲሰማ ይፈልጋል። እንደ አንቺ ሆዬ ያለ የአገር ቤት ቅኝት በብዛት የሚጫወት ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ዴሉክስ ሪቨርቡን እለዋለሁ፤ ክራንች ሲያስፈልገው በእግሩ የሚረግጠውን ፔዳል ከፊቱ ያስገባ። ከትዝታ ሜጀር የማይርቅ፣ ብሉዝና ሮክ የሚቀናው፣ ድምፁን በጣቱ ክብደት መለወጥ የሚወድ ግን ቮክሱን ይውሰድ። በጊታሩ ቮልዩም ብቻ ከክራንች ወደ ክሊን መመላለስ የለመደ ሰው ወደ ፔዳል መመለስ አይሆንለትም።

ክፍሉም ይወስናል። ዴሉክስ ሪቨርቡ በባህርይው ማስተር ቮልዩም የለውም፤ ከራሱ ቫልቮች ክራንች ለማውጣት ጎረቤት የሚያስነሳ ድምፅ ያስፈልጋል። አሁን የሚሸጠው ኤሲ15 ማስተር ስላለው የፊተኞቹን ቫልቮች ብቻ አሻክሮ ዝግ ባለ ድምፅ መጫወት ይቻላል። የኋላ ቫልቮች ሲገፉ የሚመጣው ሙላት ግን በዚያ መንገድ አይገኝም።

ከዋሽንግተን ወይም ከሌላ የአሜሪካ ከተማ አምፕ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው አምፕ ለ120 ቮልትና 60 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ 220 ቮልት ሶኬት ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ማለት ቢቀና ፊውዙን፣ ባይቀና ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ 50 ኸርዝ ላይ ከለመደው በላይ ስለሚሞቅም የአምፑ ትራንስፎርመር ለዚያ የሚበቃ መሆኑ ይጣራ። ክዳኑን ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይክፈተው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ጊታር ይያዙ። ሁለቱን አምፖች በእኩል ጩኸት ያስተካክሉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ጆሮን ያታልላልና። ከዚያ ቮልዩሙን በቀስታ ሲመቱ ጥርት ብሎ፣ ጠንክረው ሲመቱ መሻከር እስከሚጀምርበት ድረስ ይክፈቱት። መጀመሪያ ትዝታን፣ ቀጥሎ አንቺ ሆዬን፣ ኖታዎቹን እያደራረቡ ይጫወቱ። ሻጩ ፈጣን ሶሎ እንዲሞክሩ ቢገፋፋዎት ይታገሡት፤ ሁለት ኖታ ብቻ ይምቱና ድምፁ እየሳሳ እስኪጠፋ ድረስ ያዳምጡ።