ቁመት ሁሉ ስፋት ነው እንዴ?

መኪና መግዛትና ትዳር መያዝ ይመሳሰላሉ። ሁለቱንም አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ከውጭ አይቶ ነው። ኑሮው ግን ውስጥ ነው!

“የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ” የሚለው ተረት ለሰው ብቻ የተተረተ እንዳይመስላችሁ። እስቲ መንገዱን ተመልከቱት። ከሩቅ ሲመጣ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ መኪና ስንት አለ! ኋላ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ግን ጉልበቱን አገጩ ሥር ወሽቆ፣ ሆዱን ይዞ ነው የሚጓዘው።

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ባልና ሚስት ነው። ስማቸው ይቆየን። ከተጋቡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ዕቁብ ወጣላቸው፣ ባንክ ያላቸውን ጨመሩበት፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበደሩና መኪና ፍለጋ ጀመሩ። እሷ “ኮሮላ ይበቃናል” ባይ ናት። እሱ ደግሞ “ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ ታጥፎ መቀመጥ ሰለቸኝ፤ ሰፊ እንግዛ” ባይ። አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ እያለች ደላላ ደወለለት። እሱም ሄዶ ሰባት ሰው ይይዛል ለተባለ አሮጌ ፕራዶ ቀብድ ሰጥቶ መጣ። የዚያን ማታውን ጭቅጭቅ እናንተው ገምቱት።

“የሁለታችን ላብ ነው እኮ! ወንበሩ ላይ እንኳን ሳልቀመጥ?” አለችው።

ቅዳሜ እናቱን ይዘው መኪናውን ሊያዩ ሄዱ። እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪም ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የሚመላለሱት ልጃቸው እያደረሳቸው ነው። በሩ ተከፈተላቸው። አንድ እግራቸውን አነሱ፣ መለሱት። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ “ልጄ፣ መኪናውስ ደህና ነው። መሰላሉን ለብቻ ነው የምትገዛው?” አሉት። ሚስት ሳቋ አመለጣት። ባል ግን አልሳቀም፤ ቀብዱ አይመለስም ተብሏላ!

ሜትሩ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን “ከፍ ያለ መኪና” እና “ሰፊ መኪና” አንድ ይመስሉናል። አይደሉም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡትን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2004 ሞዴል የሆኑትን ኮሮላንና ባለ አምስት በሯን ራቭ ፎር እናነጻጽር። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ለእግር የሚተርፈውን ቦታ በብዙው ይወስነዋል። ኮሮላዋ 2 ሜትር ከ60 ሴንቲሜትር ናት። ራቭ ፎሯስ? 2 ሜትር ከ49! አዎ፣ በ11 ሴንቲሜትር የምትበልጠው ያቺ ዝቅ ያለችው ናት።

ታዲያ ራቭ ፎር ውስጥ ስንገባ ሰፋ የሚለን ለምንድነው? ምስጢሩ አቀማመጡ ላይ ነው። አውቶሞቢል ውስጥ ወንበሩ ለወለሉ ስለሚቀርብ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ርዝመት ይፈልጋል። ከፍ ያለችው ውስጥ ግን ሳሎን ወንበር ላይ እንደተቀመጣችሁ እግር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ባጠረ ቦታም ይመቻል። ጣሪያው ከራስ ይርቃል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ዓይን ራቅ ብሎ ያያል። በትከሻ በኩል ግን ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ኋላ ሦስት ወፈር ያሉ ሰዎች ከተቀመጡ ሁለቱም ውስጥ መሐለኛው ያለቅሳል!

የማን ጉልበት፣ የማን ሆድ?

ለመግባትና ለመውጣት የሚመቸው ወንበሩ ከዳሌያችሁ ጋር የሚስተካከል መኪና ነው። አውቶሞቢል ውስጥ ቁልቁል ትወድቃላችሁ፤ ስትወጡ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ፕራዶን የመሰለው ትልቁ መኪና ያንጠላጥላችኋል። እንደ ራቭ ፎር ያሉት መካከለኞቹ ዞር ብሎ ቁጭ ለማለት ምቹ ናቸው። የኛ ባልና ሚስትም በስተኋላ የቀብዱን ነገር እርም ብለው ራቭ ፎር ገዙ። እናት ያለ ድጋፍ ገብተው ሲቀመጡ ክርክሩ አበቃ።

ከፍታ ግን ዋጋ አለው። ወንበሩ ከመሬት በራቀ ቁጥር ኮረኮንች መንገድና ኩርባ ላይ የራስ መወዛወዝ ይጨምራል። መንገድ ሆዷን የሚያገላብጥባት እህት ካለቻችሁ፣ ዝቅ ያለችው አውቶሞቢል ትሻላታለች። ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ረጅም ሰውም ኮሮላዋ እግር ታዘረጋለች።

“ሰባት ሰው ይይዛል” የሚባለውን ደግሞ በጥንቃቄ ስሙት። እዚያ መጨረሻ ያለው ሦስተኛው ረድፍ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ጎማው ከጎን ይገፋል፣ ጉልበት ወደ ደረት ይወጣል። ለልጆች ይሆናል፤ አዋቂን አዳማ ድረስ ወስዶ መመለስ ግን ቅጣት ነው።

ዕቃስ? የአውቶሞቢል ዕቃ መጫኛ ለብቻው የተዘጋ ክፍል ነው። ከፍ ያለችው ብዙ ትጭናለች፤ ዕቃው ግን እናንተው ጋ ነው የሚሳፈረው። ለበዓል ሽንኩርትና በርበሬ ገዝታችሁ ስትመለሱ ሽታው ከጀርባችሁ ቁጭ ብሎ ያወራችኋል!

ከቀብድ በፊት

አንደኛ፣ የሾፌሩን ወንበር ለራሳችሁ አስተካክላችሁ ወርዳችሁ ከኋላው ተቀመጡ። በጉልበታችሁና በወንበሩ ጀርባ መሐል አንድ ጭብጥ ይግባ። ካልገባ ለሚሳፈርባችሁ ሰው እዘኑለት።

ሁለተኛ፣ ጭናችሁ ወንበሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፉን እዩ። ጭን አየር ላይ ከተንጠለጠለ ክብደቱን ሁሉ መቀመጫና ወገብ ይሸከሙታል። ለአሥር ደቂቃ ምንም አይደል፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ ግን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ መኪና ከሆነ የወንበር ልብሱን ገልጣችሁ ስፖንጁን በእጃችሁ ተጫኑት። አዲስ ልብስ ስንት የሞተ ስፖንጅ ይሸፍናል መሰላችሁ!

አራተኛ፣ በዚያ መኪና የሚሳፈረውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እናት፣ እርጉዝ ሚስት፣ ረጅም ወንድም። ደላላው አይሳፈርላችሁም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። እዚያም ፈተናው ያው ነው። የብዙዎቹ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ የመሐሉ ጉብታ ይጠፋል፤ መሐለኛው ተሳፋሪ እግሩን ያሳርፋል። ወለሉ ከፍ ሲል ግን በተለይ ጣሪያቸው ዝቅ ያሉት ላይ የኋለኛው ሰው ጉልበት ሽቅብ ይነሳል። ሳትቀመጡ አትፍረዱ።

ገንዘቡ ገና ያልሞላላችሁ ጎበዞችም ከአሁኑ ተለማመዱ። ራይድ በጠራችሁ ቁጥር ኋላ ወንበሩን ፈትሹ፣ የመኪናዋን ዓይነት ልብ በሉ። ምርምሩ ነፃ ነው፤ ሒሳቡ የታክሲው ብቻ!