ምላጭ መግዛት ሌላ፥ ስለት ማግኘት ሌላ

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፥ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ» ይላል ያገራችን ተረት። ሌላውን ሁሉ የሚበጣው መሣሪያ እርሱ ራሱ የታመመ እንደ ሆነ መድኃኒት አይገኝለትም ለማለት ነው። ይሁን እንጂ ምላጭም ይታመማል፤ መድኃኒትም አለው። ሕመሙ መደነዝ ሲሆን፥ መድኃኒቱ ድንጋይና ጠፍር ነው። በቅርብ ዓመታት በልዩ ልዩ አገር ብዙ ወጣቶች አያቶቻቸው ይላጩበት ወደ ነበረው፥ በእጀታው ውስጥ ወደሚታጠፈው ምላጭ በመመለስ ላይ ስለ ሆኑ፥ ምላጩን መርጦ ስለ መግዛትና ለመላጨት ስለ ማዘጋጀት ጥቂት ማውሳት ሳይጠቅም አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ታጣፊ ምላጭ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ሻጩም «አዲስ ነው፤ እንዲሁ ይላጩበት» አለው። በማግሥቱ ጧት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሳሙናውን ተቀብቶ ቢጀምር፥ ምላጩ ጠጉሩን በመላጨት ፈንታ ይነጨው ጀመር። የጎደለው ስለት መሆኑን ሳይረዳ፥ የጎደለው ጉልበት መስሎት ተጫነው። በዚያ ዕለት ቢሮ የገባው በአገጩ ላይ ሦስት የወረቀት ቁራጭ ለጥፎ ነበር። አለቃው አይተው ዝም አሉ፤ ባልደረቦቹ ግን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ሲጠይቁት ዋሉ። ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አልነበረም፤ የሚያበራ ሁሉ ስል አለመሆኑን ያላወቀው ገዢም ተካፋይ ነበረ።

የታጣፊው ምላጭ ታሪክ

(ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጥሩ ምላጭ የጥሩ አረብ ብረት ልጅ ነው። በ1740 ገደማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን የጠራ ብረት ቢያጣ፥ በሼፊልድ ከተማ አጠገብ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ማጥራት ጀመረ። የከተማይቱ ቢላዋ ሠሪዎች ብረቱ ከለመዱት ይልቅ ስለ ጠነከረባቸው አንገዛም አሉት፤ እርሱም ለብዙ ጊዜ ወደ ፈረንሳይ አገር እየላከ ሸጠው። ከፈረንሳይ የሚመጣው ዕቃ ገበያቸውን ሲሻማባቸው ጊዜ ግን የናቁትን ብረት ለመቀበል ተገደዱ። በ1769 ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ቢላዋ ሠሪ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ኋላም የጀርመኗ ከተማ ዞሊንገን በዚህ ሥራ ከሼፊልድ ጋር የምትፎካከር ሆነች።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ በ1903 ተጠቅመው የሚጥሉት ምላጭ ያለበትን መላጫ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ መላውን ዓለም ወረሰው። ከዚያ ወዲህ ታጣፊው ምላጭ ከቤት እየወጣ በጠጉር አስተካካዮች ዘንድ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ እነርሱም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስለቱ የሚለወጥ መላጫ ይይዛሉ።

ሲገዙ ምን ማየት ይገባል

ለጀማሪ የሚስማማው ወርዱ 16 ሚሊሜትር ያህል የሆነ፥ ጫፉም ሹል ሳይሆን ክብ የሆነ ምላጭ ነው። ሹል ጫፍ ላልለመደ እጅ የጆሮ ጠላት ነው። የምላጩ ሆድ ከግራና ከቀኝ የተቦረቦረ ሲሆን፥ ጀርባው ወፍራም፥ ስለቱ ስስ ሆኖ ይገኛል። ይህ ቅርጽ ለጌጥ የተበጀ አይደለም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናየዋለን።

አሮጌ ምላጭ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ምላጭ በደኅና ከተያዘ ዛሬም ይላጫል። ነገር ግን ገዢው ከመክፈሉ በፊት ምላጩን በብርሃን ላይ ያገላብጠው። በላዩ ላይ ያለ የዛገ ነጠብጣብ ይጸዳል፤ ስለቱ አጠገብ የደረሰ ዝገት ግን ብረቱን ውስጥ ውስጡን ስለሚበላው ያሠጋል። የተሰነጠቀ ምላጭ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም። በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ሲያስተኙት የሚወላገድ ከሆነም መተው ይሻላል። ሲታጠፍ ስለቱ የእጀታውን ጎን ሳይነካ በመካከል መግባት አለበት። በጣም ርካሽ የሆኑት አዳዲሶች ብዙውን ጊዜ ምላጭ የሚመስሉ እንጂ ምላጭ አይደሉም፤ ብረታቸው ለስላሳ ስለ ሆነ ቢሳሉም ስለት አይዙም።

አዲስ ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ስለት አልተሰጠውም። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «በእጅ ተስሎ፥ በጠፍር ተወልውሎ አልቋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ለመጀመሪያው ምላጭ ጥቂት ጨምሮ በባለሙያ የተሳለውን መግዛት ይመረጣል። ስል ምላጭ ምን እንደሚመስል በፊቱ ላይ ያላወቀ ሰው ሊስለው ሲነሣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅምና።

ድንጋዩ

ራሴ እስላለሁ ለሚል ሰው ምስጢሩ በጀርባው ላይ ነው። ምላጩ በድንጋዩ ላይ ሲተኛ ጀርባውና ስለቱ አንድ ጊዜ ድንጋዩን ይነካሉ፤ የጀርባውም ውፍረት የስለቱን ማዕዘን ራሱ ይወስነዋል። ስለዚህ ጀርባውን ከድንጋዩ አለማንሣት፥ እጅንም አለመጫን ነው። በድንጋይ ላይ ስለቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ድንጋዩን የሚላጩት ይመስላል።

ድንጋዩ ፍጹም ጠፍጣፋና በውሃ የራሰ ይሁን። አሳሳሉም ከሻካራ ወደ ለስላሳ ነው፤ በቁጥር 1000 ድንጋይ የግራና የቀኙ ቀጭን ተዳፋት አንድ ላይ እንዲገናኙ ይደረጋል፤ በ4000ና በ8000 ጭረቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ በ12000 ይፈጸማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች ሳይገናኙ ወደ ለስላሳው ድንጋይ ቢዘልሉ፥ ዱልዱሙን ማሳመር እንጂ መሳል አይሆንም። ለማወቅም ተዳፋቱን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቶ አንድ ጊዜ በድንጋዩ ላይ ማስኬድ ነው፤ ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልደረሰበት ነው። ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በመብራት ሥር ሲያዩትም የሚያበራ ነጥብ ከታየ፥ ያ ቦታ ገና አልተሳለም።

ጠፍሩ

ጠፍር አይስልም፤ የተሳለውን ያቃናል። እዚህ ላይ መንገዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፥ ስለቱ ይከተላል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱም ምላጩን በጀርባው ላይ አገላብጦ መመለስ እንጂ በስለቱ በኩል መገልበጥ አይገባም፤ ቆዳው ይቈረጣል፥ ስለቱም ይበላሻል። ጠፍሩ ተወጥሮ ይያዝ። ከመላጨት በፊት ከ30 እስከ 50 ጊዜ መመላለስ በቂ ነው። ጀማሪ ጠፍር መቍረጡ አይቀርምና፥ የመጀመሪያው ጠፍር ርካሽ ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን

ጢሙ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ ደኅና አድርጎ ይራስ። ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይዞ፥ ጠጉሩ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፥ ሳይጫኑት ይሂድ። በጎን መሳብ ከቶ አይገባም፤ የሚቈርጠው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጕንጭን ብቻ ተላጭቶ አገጭንና ማንቍርትን በተለመደው መላጫ መጨረስ ብልኅነት እንጂ ፍርሃት አይደለም። ጠጉሩ የተጠቀለለ ሰው ደግሞ አጥብቆ ከላጨው የተቈረጠው ጠጉር ወደ ቆዳው ተመልሶ እየገባ እብጠት ስለሚያመጣበት፥ ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ አይላጭ።

ሦስት ነገር አይዘንጋ። ምላጩ ከእጅ ካመለጠ ይውደቅ እንጂ አይቀለብ። ከተላጩ በኋላ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ይህ ብረት የውሃ ጠብታ ያዛገዋል። ምላጭም ለወንድምም ቢሆን አይዋስም፤ በዓይን በማይታይ ደም የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉና።

ያ ባለ ሦስት ወረቀት ምላጭ ኋላ በድንጋይ ተስሎ፥ እነሆ ዛሬም ጌታውን ይላጫል። በዚያን ጧት ብረቱ ከዛሬው አላነሰም ነበር፤ ያነሰው የጌታው ትዕግሥት ነበር።